ያልነበረው አንበሳ

ባለፈው ዓመት አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ስለነበረችው አዲስ አበባ ለምታዘጋጀው የመመረቂያ ጽሑፍ የቃል መረጃ ስትሰበስብ፣ እኔም በዕድሜዬ ምክንያት ከመረጃ ሰጪዎቿ እንደ አንዱ ተቆጠርሁ። ሦስት ቀን ቤቴ ድረስ እየመጣች ቃለ መጠይቅ አደረገችልኝ። መቅረጫዋን ጠረጴዛው ላይ አኑራ፣ ቡናው እስኪቀርብ እንኳ ሳትጠብቅ፣ «ጋሼ፣ በልጅነትዎ የሚያውቋቸውን አደባባዮችና ሐውልቶች እንዳዩአቸው አድርገው ይንገሩኝ፤ ያነበቡትን ይተዉትና ያዩትን» አለችኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ታሪክ ያስተማረ ጡረተኛ እንዲህ ያለ ጆሮ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ለአንባቢ መግለጽ አያስፈልገኝም።

ከተናገርሁት ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው አንድ ነበር። በ1947 ዓ.ም.፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበረው አባቴ ወደ ድሬዳዋ ተዛውሮ ሊሄድ ሲል እጄን ይዞ ከሠራተኛ ሰፈር እስከ ለገሃር ወሰደኝ፤ በጣቢያው ፊት የቆመውንም የይሁዳ አንበሳ በትከሻው ላይ አድርጎ አሳየኝ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሄደ። በሄደበትም ወባ ገደለው። ስለ አባቴ ያለኝ ትዝታ ይኸው አንዱ ብቻ ነው። መልኩን የማውቀው ከፎቶግራፍ ነው፤ ትከሻውን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ እል ነበር። ይህን ታሪክ በ1959 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ስገባ ለመኝታ ክፍል ጓደኞቼ፣ ቆይቶም ለልጆቼ፣ ቆይቶም ለልጅ ልጆቼ ነግሬአለሁ። በእያንዳንዱ ጊዜ አንድም ቃል ሳልለውጥ እናገረው ስለነበር፣ አለመለወጡን የእውነትነቱ ምስክር አድርጌ እቆጥረው ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተማሪዋ የቃለ መጠይቁን ግልባጭ ይዛ ተመለሰች። እንዳነበው ከሰጠችኝ በኋላ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በ47 አንበሳው ለገሃር አልነበረም እኮ» አለች።

ልክ ነበረች። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ነገሩን እኔም አውቀው የነበረ መሆኑ ነው። የነሐሱ አንበሳ በባቡር ጣቢያው ፊት የቆመው በ1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ሰሞን ነበር። ፋሽስቶች ከተማዋን ከያዙ በኋላ ከመቀመጫው አውርደው ወደ ሮም ወሰዱት፤ በዚያም በዶጋሊ ለሞቱ ወታደሮቻቸው ባቆሙት መታሰቢያ አጠገብ ተከሉት። የዶጋሊው መታሰቢያ ያለው ከሮም ዋና ባቡር ጣቢያ አካባቢ ስለሆነ፣ አንበሳችን በምርኮ በነበረበትም አገር ከባቡር ጣቢያ አልራቀም ማለት ነው። ወደ አገሩ የተመለሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ ነው። ስለዚህ በ1947 ዓ.ም. በለገሃር የሚያልፍ ሕፃን፣ በማንም ትከሻ ላይ ቢሆን፣ ያንን አንበሳ ሊያየው አይችልም።

ይህን ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ያስተማርሁት እኔው ነኝ። ዘርዓይ ደረስ በሰኔ 1930 ዓ.ም. በሮም በዚያ አንበሳ አጠገብ ጎራዴ መዝዞ የፈጸመውን በየዓመቱ ለተማሪዎቼ ስተርክ፣ አንበሳው የት እንደነበረ ሳልናገር አልፌ አላውቅም። አንድ ቀን ታዲያ እንዴት ነው አባትና ልጅ ለገሃር ላይ ያገኙት ብዬ ራሴን አልጠየቅሁም። ለክፍል የማውቀውና ለራሴ የማውቀው በአንድ ራስ ውስጥ ይህን ያህል ዘመን ጎን ለጎን ሲኖሩ ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጡም።

ዘርዓይን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። እኔ በልጅነቴ ከመምህሬ የሰማሁት ታሪክ ጀግናው እዚያው ቦታ በጥይት ተመትቶ እንደ ወደቀ ነበር፤ እኔም ብዙ ዓመት እንዲሁ አስተማርሁ። የሚታወቀው ግን ተይዞ መታሰሩ፣ በመጨረሻም በ1937 ዓ.ም. በሲሲሊ በአንድ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቱ ማለፉ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ለተማሪዎቼ ሳርም፣ ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ «መምህር፣ የፊተኛው ይሻላል» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ተማሪዋ የእኔን አንበሳ ስትወስድብኝ ግን ያ ልጅ ምን ማለቱ እንደነበረ ገባኝ። ለሰባት ዓመት በብቸኝነት ታስሮ መሞት ከአንድ ቀን ጀብዱ የሚያንስ ሞት አይደለም፤ ለመተረክ ግን ይከብዳል።

በመጀመሪያ ተቆጣሁ። በፊቷ አይደለም፤ እሷን እስከ በር ሸኝቼ፣ አመስግኜ፣ ከተመለስሁ በኋላ ነው። ከዚያ የሠላሳ አምስት ዓመት ልማዴ አሸነፈኝና ግልባጩን እንደ ተማሪ የፈተና ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ ማረም ጀመርሁ።

ከቤት የወጣነው በማለዳ ነው ብያለሁ። ይሁን። ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም ከማይርቀው ሰፈራችን ተነሥተን በአራዳ አለፍን፤ የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ተሳለምን፤ የምኒልክን ፈረስ አየን። ይህም ሊሆን ይችላል፤ ሐውልቱ ያኔ በቦታው ነበርና። እርሱም የራሱ ታሪክ አለው፦ ከንግሡ በዓል ጋር ተመርቆ፣ ፋሽስቶች ከመቀመጫው አንስተው ቀብረውት፣ ነጻነት ሲመለስ ከተቀበረበት ወጥቶ የተተከለ ሐውልት ነው። በቅርቡም የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለከተማው ቀላል ባቡር ግንባታ ሲባል ተነሥቶ በብሔራዊ ሙዚየም ከቆየ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል። ሐውልት የማይንቀሳቀስ ነገር ነው የሚል ሰው አዲስ አበባን አያውቃትም። ከነዋሪዎቿ መካከል ሮም ደርሶ የተመለሰ ስንት ነው?

ፒያሳ ላይ የጋሪ ፈረሶች ኮቴ ድምፅ፣ ከዳቦ መጋገሪያው የሚወጣው ሽታ፣ በመደብሮቹ መስኮት ውስጥ የተደረደሩት ሰዓቶች፤ እነዚህንም አልሰረዝኋቸውም። የዚያ ቀን መሆናቸውን ግን ማንም ሊያረጋግጥልኝ አይችልም፤ በዚያ መንገድ መቶ ጊዜ ሄጃለሁና። ከዚያ ቁልቁል ወደ ለገሃር ስንወርድ «ዘወር ብዬ ሳይ ማዘጋጃ ቤቱ ከኋላችን ከፍ ብሎ ይታይ ነበር» የሚል ዐረፍተ ነገር አገኘሁ። እዚህ ላይ እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ። ዛሬ ከቸርችል ጎዳና አናት ላይ የምናየው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ፣ የአፍሪካን አዳራሽ በሠራው በአርቱሮ መዜዲሚ ንድፍ ተሠርቶ የተመረቀው በ1957 ዓ.ም. ነው። አሥር ዓመት ቀድሜ አቁሜዋለሁ። ተማሪዋ ይህንን አይታ እንዳላየች አልፋው እንደነበር ቆይቶ ነገረችኝ፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ማንሣት ከበዳት።

አንድ ስሕተት በአጋጣሚ ይገባል ይባላል። ሁለት ሲሆን ግን ትዝታው ከሌላ ዘመን በተሰበሰበ ቁሳቁስ የተሠራ ቤት መሆኑ ግልጽ ነው። መሠረቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ከወረቀት ይልቅ ወደ እናቴ ቃል መመለስ ነበረብኝ።

እናቴ በዓመተ ምሕረት አትቆጥርም ነበር። የእርሷ የዘመን መቁጠሪያ በከተማዋ ውስጥ የቆመ ነበር። የታላቅ እኅቴ ሠርግ «እቴጌ ባረፉ በዓመቱ» ነው፤ የጎረቤታችን ቤት መቃጠል «ከታኅሣሡ ግርግር በፊት»፤ የአባቴ መሄድ ደግሞ «ቴአትር ቤቱ ሳያልቅ»። እቴጌ መነን ያረፉት በ1954፣ የመንግሥት ግልበጣው ሙከራ የተደረገው በታኅሣሥ 1953 ስለሆነ የእናቴን ቀናት ወደ ቁጥር መመለስ ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜም ትክክል ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። የቃል መረጃ የምትሰበስቡ ወጣቶች «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብላችሁ ስትጠይቁ ከአረጋውያን የምታገኙት ቁጥር ከኋላ የተለጠፈ ነው። «ምን ሲሠራ? ምን ሲፈርስ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ይሻላችኋል። የእኔም «1947» ከእናቴ «ቴአትር ቤቱ ሳያልቅ» ያወጣሁት ቁጥር እንጂ ከራሴ ትዝታ የመጣ አልነበረም።

ቴአትር ቤቱ፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ያኔ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ጣሊያኖች ለሲኒማ የጀመሩትን ሕንፃ አስፋፍቶ በመጨረስ ለንግሡ ሃያ አምስተኛ ዓመት ኢዮቤልዩ በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። በፊቱ የቆመው ታላቅ የድንጋይ አንበሳ፣ ሞሪስ ካልካ የተባለ ፈረንሳዊ ቀራፂ ለዚሁ በዓል የሠራው ነው። አሥር ሜትር ያህል ቁመት አለው። ከባቡር ጣቢያው ተነሥቶ ሽቅብ ለሚወጣ ሰው ብዙም የማይርቅ ቦታ ነው።

አንበሳውን እዚህ አገኘሁት ማለት ነው። ከጥቂት ደቂቃ እግር መንገድ ርቀት ላይ።

ሌሎቹንም አንበሶች ሳልመረምር አላለፍሁም። ያኔ ከተማዋ በአንበሳ የተሞላች ነበረች። በስድስት ኪሎ በግቢያቸው የሚኖሩት ሕያዋን አንበሶች ሌሊት ሲያገሡ ከሰፈራችን ይሰማ ነበር፤ ጎህ ሳይቀድ ከእንቅልፌ የምነቃው በእነርሱ ነው። በአውቶቡሱ ጎን አንበሳ ነበር፤ በሳንቲሙ ላይ አንበሳ ነበር። የዚህ መጽሔት አንባቢዎች በየቀኑ የሚያልፉት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊትም አንድ አለ። ፋሽስቶች ሥልጣን ከያዙበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን ዓመት በየደረጃው እንዲቆጥር አድርገው ያቆሙት፣ ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ከጫፉ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ወደዚህ ግቢ በተማሪነት ስገባ ያንን ደረጃ አይቼ «ለምን አያፈርሱትም?» ብዬ ጠይቄ ነበር። አንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ «አንበሳው የት ይቀመጥ ታዲያ?» አሉኝ። የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ከዚያ ግቢ መጀመሩን ያዩ ሰው ነበሩ፤ ከዚያ በላይ አልተናገሩም።

በትዝታዬ ውስጥ ያለው ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም። በሰው ትከሻ ላይ ሆኜ ጉልበቱ ላይ እንኳ አልደረስሁም፤ ይህንን ምንጊዜም እናገረዋለሁ። ለሕፃን ሁሉ ነገር ትልቅ ነው ይባል ይሆናል፤ እኔም ለራሴ ብዬዋለሁ። ነገር ግን የለገሃሩ አንበሳ ነሐስ ነው፤ የእኔው ድንጋይ ነበር። ድንጋይ ማለቴን ግልባጩ መዝግቦታል። አንድም ቀን «ነሐስ» ብዬ አላውቅም።

እንግዲህ ችግሩ ግልጽ ሆነ። እናቴ እንደምትለው አባቴ የሄደው ቴአትር ቤቱ ሳያልቅ ከሆነና እኔ ያየሁት የቴአትር ቤቱን አንበሳ ከሆነ፣ በአባቴ ትከሻ ላይ አልነበርሁም።

ይህንን ለብቻዬ መሸከም ስላልቻልሁ ወደ ታላቅ እኅቴ ሄድሁ። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ደክሟል እንጂ ልቧ እንደ ወትሮው ነው። የመጣሁበትን ስነግራት ገና ሳልጨርስ፣ «አባባማ ኢዮቤልዩን መች አየ! የሄደው ቴአትር ቤቱ ገና በመወጣጫ እንጨት እንደ ተከበበ ነው። እማማ ስትለው የኖረችውን አትሰማም ነበር?» አለችኝ።

«ታዲያ እኔን ማን ነው የወሰደኝ፣ እትዬ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እኔን አንበሳ ሊያሳየኝ የወሰደኝ ሰው አለ እንዴ?»

ዝም አልሁ። እርሷ ግን አልጨረሰችም። «የእኔ ሐውልት ቦኖው ነው። እሱን ጠይቀኝና ልንገርህ» አለች፤ ሳልጠይቃትም ነገረችኝ። የእንስራውና የቆርቆሮው ሰልፍ ከጎህ በፊት እንዴት እንደሚያዝ፣ የቦኖው ጠባቂ ለማን እንደሚያደላ፣ የጊዮርጊስ ደወል ሲደወል ማን ተራውን ለማን አደራ ሰጥቶ ኪዳን ለማድረስ እንደሚሮጥ፣ በጭቃ ወቅት አንድ እንስራ ሲሰበር በቤት ምን እንደሚጠብቅ። ያ ቦኖ የነበረበትን ስፍራ እኔ በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ አልፍበት ነበር፤ በሦስቱ ቀን ቃለ መጠይቅ አንድ ጊዜም አላነሣሁትም። ተማሪዋ «በሰፈርዎ የሚያስታውሱ ሌላ ሰው አለ?» ብላ ስትጠይቀኝ ሁለት ጡረተኛ መምህራንና አንድ ቄስ ጠቆምሁ። እኅቴ አልታወሰችኝም። ምክንያት ብፈልግለት አላገኘሁለትም።

ስነሣ፣ በሩ ላይ፣ «ጋሼ እንደሆነስ?» አለችኝ።

ጋሼ የምንለው አጎታችንን ነበር፤ የእናታችንን ወንድም። አባቴ ከሄደ በኋላ እኛ ቤት ገባ፤ የአባቴ ሞት ሲሰማም በዚያው ቀረ። ግንበኛ ነበር። ልጅ አልወለደም፤ እኛን አሳደገን። ብዙ አይናገርም፤ ሲናገርም ስለ ዋጋ ወይም ስለ ሥራ ነው። በአባቴ ቦታ የተቀመጠ ሰው ስለ መሰለኝ አልወደድሁትም። የትምህርት ቤት ወጪዬን የሚችለው እርሱ መሆኑን እያወቅሁ፣ መምህራኖቼ አባትህ ምን ይሠራል ሲሉኝ «የምድር ባቡር» እል ነበር። በእነዚያ ዓመታት ከተማዋ ሁሉ በግንባታ ላይ ስለነበረች ሥራ አያጣም፤ ከየት እንደሚመጣ ግን ጠይቀነው አናውቅም፤ ማታ ሲሚንቶ የነካው ጫማውን ደጅ ላይ አውልቆ ይገባል። ለኢዮቤልዩ ይሠሩ ከነበሩት ሕንፃዎች በየትኞቹ ላይ እንደ ዋለ ልነግራችሁ አልችልም። እንዲህ ያለ ሰው ስሙ በየትኛውም የክፍያ መዝገብ ላይ ቢገኝ እንኳ በጣት አሻራ ነው።

አንድ ልማድ ግን ነበረው። በየትም ሲያልፍ፣ የድንጋይ ሥራ ካየ፣ ጠጋ ብሎ መዳፉን ያሳርፍበታል፤ ቱንቢ በእጁ የያዘ ይመስል አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ማዕዘኑን ተከትሎ ወደ ላይ ይመለከታል። ቤተ ክርስቲያን ሄደን እንኳ ከተሳለመ በኋላ እንዲሁ ያደርጋል። እናቴ «ኧረ ሰው ምን ይላል!» ትለው ነበር። እኅቴና እኔ ከኋላው ሆነን እየኮረጅነው እንስቅበት ነበር።

ከእኅቴ ቤት ተመልሼ በዚያች ሌሊት ግልባጩን እንደገና ከፈትሁ። የሁለተኛው ቀን ቃለ መጠይቅ፣ ከመሐል ገደማ፣ ቃሌ እንዲህ ይላል፦ «ከትከሻው አወረደኝና እጁን ድንጋዩ ላይ አሳረፈ፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጫፉን አየ፤ ከዚያ ‹ይበቃል፣ እንሂድ› አለኝ።»

ይህን ዐረፍተ ነገር ሰባ ዓመት ገደማ ስናገረው ኖሬአለሁ። ልጆቼ በቃላቸው ያውቁታል። በወረቀት ላይ በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ እስካነበው ድረስ ግን ሰምቼው አላውቅም። ተማሪዋ ከጥናቷ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለውን መስመር ልትዘለው ትችል ነበር። አለመዝለሏን የማመሰግናት በዚህ ነው። ብዙዎቻችን ግልባጭ ስናዘጋጅ «የማያስፈልገውን» እናወጣለን፤ የማያስፈልገው የትኛው እንደሆነ ግን ባለቤቱም አያውቀውም።

ነገሩ ተፈታ ለማለት አልደፍርም። የታሪክ መምህር ነበርሁና ተቃራኒውን ራሴ ማቅረብ እችላለሁ። አባቴ በእርግጥ በአንድ ሌላ ቀን፣ ወደ አንድ ሌላ ቦታ ወስዶኝ ሊሆን ይችላል፤ አጎቴ በኋላ በየዕለቱ ያደርገው የነበረው ደግሞ በላዩ ላይ ተደርቦበት ይሆናል። የእናቴም ቃል ሊሳሳት ይችላል፤ «ቴአትር ቤቱ ሳያልቅ» ማለት ግንቡ ሳያልቅ ነው ወይስ በዓሉ ሳይደርስ? እናቴ የለችም፤ አትጠየቅም። ይህን ሁሉ መዝኜ ግን ወደ አንድ ወገን አዘንብያለሁ፤ ያዘነበልሁበትም ምክንያት ማስረጃው ብቻ እንዳልሆነ ልሰውር አልፈልግም።

አጎቴ በ1977 ዓ.ም. ሲሞት በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንዳዘጋጅ የተጠየቅሁት እኔ ነበርሁ፤ ከቤቱ የተማርሁት እኔ ነኛ። የጻፍሁት ሦስት ዐረፍተ ነገር ነው፦ የተወለደበትን አገር፣ በግንበኝነት ሥራ መተዳደሩን፣ የእኅቱን ልጆች ማሳደጉን። ሲነበብ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ከዕድሩ ሰዎች አንዱ «ሌላ የለውም?» ብለው በጆሮዬ ጠየቁኝ፤ «የለውም» አልኋቸው።

ባለፈው ወር ወደ ቴአትር ቤቱ ወረድሁ። ከፒያሳ በታክሲ አለፍሁ፤ በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ከፈረሱ ወዲህ በእግር ለመሄድ ልቤ አልፈቀደም፤ መንገዱ ሰፍቶ አምሮበታል፤ ግን የት ጋር እንደምታጠፍ የሚነግረኝ ማዕዘን የለም። እዚያ ያለው አንበሳ አልተነካም። ከእግሩ ሥር ሁለት ወጣቶች ተቀምጠው ስልካቸውን ይመለከታሉ፤ ሳያቸው «ይቀመጡ አባባ» ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። አልተቀመጥሁም። ያደረግሁትን አንባቢ መገመት አያቅተውም፤ ዓይኔን ስጨፍን ወጣቶቹ ሞራ የጋረደኝ መስሏቸው ሊደግፉኝ ተነሡ።

በማግስቱ ለተማሪዋ የሚከተለውን ጽፌ ላክሁ፤ ከጽሑፏ አባሪ ጋር እንደምታያይዘው ነግራኛለች።

«በሁለተኛው ቀን ቃለ መጠይቅ ‹አባቴ› ያልሁት ሰው የእናቴ ወንድም ሳይሆን አይቀርም። ‹ለገሃር› ያልሁት የቴአትር ቤቱ ፊት ነው። ‹1947› ያልሁት ከጥቅምት 1948 ወዲህ ተብሎ ይታረም። ማዘጋጃ ቤቱን አየሁ ያልሁት ይሰረዝ። ስለ ሰፈራችን ቦኖ ታላቅ እኅቴ ትጠየቅ፤ ስልኳን ከዚህ በታች ጽፌአለሁ። አንድ ዓይኑን ስለ መጨፈኑ የተናገርሁት እንዳለ ይቆይ።»